የአባባ ግራ ጉንጭ

እሑድ ከሰዓት፣ ጥቅምት 11

ለእታለሜ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? የሰርጉ ሽርጉድ እንዴት ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአባባን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ልኬልሻለሁ። ካየሽው ደንግጠሻል፣ አውቃለሁ። ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የሰፈሩ ሰው አሁን ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ታውቂያለሽ? መብረቁ! ያ በእግሩ የሚቆመው ትልቁ የካሜራ ፍላሽ እጄ ከገባ ወዲህ፣ በዚህ ከተማ ደጅ ላይ ሰው አሳምሮ ፎቶ የሚያነሳ አለ ከተባለ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሰውን ፀሐይ ፊት ገትረው "ሳቅ በል" ይላሉ፤ ሰውዬው ሎሚ የመጠጠ መስሎ ይወጣል። እኔ ፀሐይን ከጀርባው አደርጋታለሁ፣ ፀጉሩን ዳር ዳሩን ታበራልኛለች። ፊቱን እኔ በፍላሼ አበራለሁ። ፀሐይ ራሷ ረዳቴ ናት በይ! የሒሳብ አስተማሪው ስለ ማዕዘን ሲለፈልፍ እንቅልፉን ይለጥጥ የነበረው ወንድምሽ፣ አሁን የአፍንጫ ጥላ አይቶ ብቻ ፍላሹ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ቁም ነገሩ። ባለፈው በስልክ ምን አልሽኝ? "አባባ እስካሁን ተቀይሞኛል። ውጭ አገር ስሄድ አልሸኘኝም፤ አሁን ደግሞ በቪዲዮ ስደውል ከክፍሉ ይወጣል። ይቅር ካለኝ አንድ ፎቶ ይላክልኝ፣ ሰርጌ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ካልላከ ገብቶኛል፣ ሁለተኛ አልደውልም።" ብለሽ ዘጋሽው። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እንደ ጅል ቀረሁ።

እታለሜ፣ ስትሄጂ ከፍቶት ነበር እንጂ አባባ አሁን አልተቀየመሽም። አሞት ነው። አይዞሽ፣ ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይሳደባል። ከክረምት በፊት አንድ ጠዋት ሲነሳ የፊቱ ግራ ጎን ወርዶ አገኘነው። ጉንጩ ረገበ፣ ከንፈሩ በአንድ ጎን ቁልቁል ሄደ። ሐኪሙ "ነርቭ ነው፤ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል" አለ። ከዚያ ወዲህ አባባ ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት ገልብጦታል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ዓይኑን ከመስታወት ነቅሎ የማያውቅ ሰው! ጢሙን የምላጨው እኔ ነኝ። እጄ ደግሞ እንዴት ያለ መሰለሽ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቢያየኝ ሱቁን ይዘጋል። "ለሷ ትንፍሽ እንዳትል" ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን ራሱ "ጻፍላት" አለኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። "አባባ፣ ፎቶ ላክልኝ ብላለች" ስለው፣ "የግራ ፍሬቻዬ ተቃጥሏል፣ እንዲህ ሆኜ መንገድ አልወጣም" አለ።

"አንተ ቁጭ በል እንጂ ልጅህን ማን መሰለህ? ስንቱን ጠባሳ በጥላ ያጠፋሁ ሰው ነኝ!"

ጎትጉቼ ጎትጉቼ እሺ አሰኘሁት። ከቤት ጀርባ፣ ልብስ የምናሰጣበት ጋ ወንበር አወጣሁ። ነፋሱ ብርሃን የሚያለሰልሰውን የፍላሹን ዣንጥላ እንዳይጥለው ጎረቤታችንን በያጁን ያዝልኝ አልኩት። የብየዳ መነጽሩን አድርጎ ከች አለ!

"ስለ ብርሃን ለኔ ልታስተምር ነው አንተ?"

"ዝም ብለህ ያዝ። ያንተ ብርሃን የሚያጣብቀው ብረት ነው።"

ፍላሹን በአባባ ቀኝ፣ በደህናው ጎን፣ ከዓይኑ ትንሽ ከፍ አድርጌ አቆምኩት። ቀኙ በራ፣ ግራው ጨለማ ውስጥ ገባ። ቦግ! ምን ልበልሽ፣ ሚኒስትር ነው የሚመስለው። በያጁ መነጽሩን አውልቆ "ጋሼ፣ ድነዋል እኮ!" አለ።

ካሜራውን ለአባባ ሰጠሁትና ምርቃቴን መጠበቅ ጀመርኩ።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?" አለ።

"አንተ ነሃ!"

"እኔስ አይደለሁም። መልከ መልካም ነው፣ ሰርጓ ላይ ይሂድላት።" ካሜራውን መለሰልኝ። "ስማ፣ ነገ ባሏን ይዛ ስትመጣ በር ላይ የምትፈልገው ይሄን ሰውዬ ነው። እኔን ስታገኝ ክው ትላለች። ያንን እዚያው ቆሜ ልየው?"

በያጁ መሬት መሬቱን ያያል።

"አዙረው" አለኝ።

"ምኑን?"

"መብራቱን ነዋ። ወደዚህ አምጣው።" ግራ ጉንጩን በጣቱ ነካ። "ድንጋጤዋን እዚያው ትጨርስ። እዚህ ስትመጣ አባቷን ብቻ ታግኝ።"

ፍላሹን ከቀኙ አነሳሁት። ግን ዝም ብዬ በግራ ጎኑ ባቆመው እያንዳንዷን መስመር በምላጭ የተቆረጠች ያስመስላታል። ጭካኔ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ለፊቱ አመጣሁት፣ ወደ ግራ በትንሹ ያደላ። ዣንጥላውን ግንባሩን ሊነካው እስኪደርስ አስጠጋሁ፣ ኃይሉን ቀነስኩ። ሰው ብርሃን ሲርቅ የሚለሰልስ ይመስለዋል። ውሸት ነው፣ ሲቀርብ ነው የሚለሰልሰው። ምንም አልደበቅኩም፣ ምንም አላጋነንኩም።

"የት ልይ?" አለኝ።

"ሌንሱን።"

"ሌንስ ምኔ ነው?"

"እሺ፣ እሷን እይ።"

ያኔ ነው ቁልፉን የተጫንኩት።

ፎቶው ላይ ከንፈሩ በግማሽ የሳቀ ይመስላል። እንዳያታልልሽ፣ ሙሉውን ነው የሳቀው፤ እዚያው ነበርኩ። ማልቀስ ካለብሽ አልቅሺ፣ ከዚያ ፊትሽን ታጠቢና በቪዲዮ ደውይ። ከክፍሉ አይወጣም፣ ቃሉን ሰጥቶኛል። "አምሮብሃል" እንዳትይው፣ ይነቃብሻል። እንደ ድሮው ተከራከሪው፣ እሱን ነው የናፈቀው።

አባባ "ጎጆሽ ይሙቅ፣ የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቃናልሽ፣ የምታገቢውም ልጅ እንደ ልጄ ነው በልልኝ" ብሏል። እኔም አሜን ብያለሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ሁለቱም ዓይኑ እርጥብ ነው ብለሽ እንዳትጨነቂ። የግራው አልከደን እያለ ስለሚያነባ ነው፤ የነርቭ ነው ብሎናል ሐኪሙ። የቀኙን ሐኪሙን አልጠየቅኩትም።

ወንድምሽ፣
መብረቁ