እንዝርት የያዘችው የድንጋይ ሴት

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ብዕር አነሣሁና በራሴ ሳቅኩ። ያለሽበት ከእኛ ሰፈር እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ቢያንስ አይዘንብም። እዚህ በስደት አገር፣ ማውንት ቤከር ሰፈራችን፣ ያ የምታውቂው ደቃቅ ዝናብ ሳምንት ሙሉ አላባራም።

ልጃችን ሩት ሊንውድ በሚባለው ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ሥራ አግኝታለች። ሙዚቃ የምትሰማበትን ዎክማኗን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትወጣለች፣ እንደሰካች ትገባለች። ያንቺን ካፖርት ለብሳ ከኋላ ሳያት አንዳንዴ ልጠራሽ አፌን እከፍታለሁ። መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበርሽ እዚያው ናት።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ መቃብርሽ ድንጋይ ነው። እስካለፈው ወር ድረስ ራስጌሽ ላይ ከትንሽ የስም ሰሌዳ በቀር ምንም አልነበረም። ስንፍና እንዳይመስልሽ፤ ምን ብዬ እንደማስጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ያ መጽሐፍ ትዝ ይልሻል? ከምታጸጂው ቤተ መጻሕፍት ተውሰሽ ያመጣሽው፣ ስለ ሮማውያን የሰሜን ድንበር የሚያወራው? እንግሊዝኛውን ሩት ታነብልናለች፣ አንቺ ሥዕሉን ታያለሽ። ከባሕር እስከ ባሕር የተዘረጋው ግንብ ፈራርሶ በግ ሲግጥበት፣ ገበሬው ድንጋዩን ነቅሎ ጎተራ ሲሠራበት እያየሽ ከንፈርሽን ትመጫለሽ። ከሞቃት አገር መጥተው በዚያ ብርድ ዘብ የቆሙት ወታደሮች ያሳዝኑሽ ነበር። ከጭቃ ውስጥ በወጣ አንድ ደብዳቤ ካልሲና የውስጥ ሱሪ ተልኮልሃል ተብሎ መጻፉን ስትሰሚ ግን እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። እኛም እዚህ ስንደርስ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የሰጠችን ካልሲ ነበራ።

ከዚያ ያቺን ሴት አገኘሻት። ከግንቡ ጫፍ አጠገብ የተገኘ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸች ናት። ባሏ ከሶርያ በረሃ የመጣ ሰው፣ እሷ የዚያው የብርዱ አገር ልጅ። ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ጠፍቷል። አንቺ ግን ያየሽው እጇን ነው። እንዝርት ናት ብለሽ ጮኽሽ! ቅርጫቱ ውስጥ ያለውም ልቃቂት ነው አልሽ። እኔ አላመንኩሽም፤ ሩት ስታነበው ልክ ሆነሽ ተገኘሽ። በማግስቱ የፋርማሲ ጥጥ አምጥተሽ፣ እርሳስ በድንች ቁራጭ ላይ ሰክተሽ ትፈትዪ ጀመር። ክሩ እየተበጠሰ ስንት ቀን አናደደሽ፤ በመጨረሻ ሎሚ የምታህል ልቃቂት ወጣልሽ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ ዝናቡና ከመስኮታችን የሚታየው ሐይቅ ይቀላቀሉብኛል። ከሐይቁ ማዶ ያ ግንብ ተነሥቶ ይታየኛል። አንቺ ጫፉ ላይ ተቀምጠሽ ትፈትያለሽ፤ ክሩ ከእጅሽ ወጥቶ በግንቡ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ጉም ውስጥ ይገባል። እጅሽን አየዋለሁ። ቀና ብዬ ፊትሽን ልይ ስል ግን ይደበዝዝብኛል። ፈራሁ ጥሩዬ። ፊትሽ እየጠፋብኝ ነበር።

የሶርያው ሰው በሚስቱ ድንጋይ ላይ ከላይ በሮማውያን ቋንቋ አስጽፎ፣ ከታች በገዛ አገሩ ፊደል አንድ መስመር ጨምሯል፤ ስሟን፣ ስሙን፣ መጨረሻ ላይ እንደኛ ወይኔ ያለች የኀዘን ቃል። አንቺ ዝም ብለሽ ስታዪው፣ እኔ ደግሞ አፌን ከፍቼ ማን ሊያነበው ነው አልኩ። መጽሐፉን ከደንሽው። ቀኑን ሙሉ አላናገርሽኝም፤ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።

ባለፈው ወር ድንጋይሽ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ላስጨምር ነው ብዬ ለሩት ነገርኳት። «ሶ ማን ሪድ ሊያደርገው ነው፣ ዳዲ?» አለችኝ። ማን ሊያነበው ነው ያልኩት ቃል ከእሷ አፍ ተመልሶ መጣብኝ። ያኔ ዝም ያልሽበት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ለአላፊ አግዳሚ አልጻፈም፤ በሰው ቋንቋ ማልቀስ አልሆን ብሎት ነው።

ቀራጩ ፊደላችንን አይቶ አያውቅም። በትልቁ ጽፌ ሰጠሁትና እንደ ሥዕል ቀረጸው። እንዝርቷንም ሣልኩለት፤ የልጅ መጫወቻ መስላው ነበር።

ድንጋዩ የቆመ ቀን ሩት ዎክማኗን አውልቃ ኪሷ ከተተች። እንግሊዝኛውን አልፋ ጣቷን ከታች ያለው መስመር ላይ አደረገችና አስነብበኝ አለችኝ። ጥሩነሽ። የአበራ ሚስት። ወይኔ። ፊደል በፊደል ተከተለችኝ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ደርሳ ቀና ስትል በእሷ ፊት ላይ ያንቺን ፊት አየሁት፣ ሙሉውን፣ ከነአገጭሽ።

እኔ እስካለሁ እሁድ እሁድ ከጸሎት መልስ እየመጣሁ ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። ከእኔ በኋላም የሚያነበው አለ። ያን ቀን ተሳስቼ ነበር፣ ጥሩዬ፤ ይቅር በዪኝ።

የሩት አባት