በማቪስ ማሳ ያገኘሁት ወርቅ

ሴፕቴምበር 2

የማታ ትምህርቱ አለቀ። ሬጂ ተርከትል በስተርጅና ፊደል ቆጥሮ ተመረቀ! መምህሯ "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፍ፣ አለዚያ ይጠፋሃል" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። በመንደራችን ከኔ የተሻለ የሚጽፍ ካለ ይምጣ። (ቄሱን ሳይጨምር።)

የማቪስ ትልቁ ማሳ ታጨደ። እስኪታረስ ድረስ የኔ ነው። ብረት ፈላጊ ማሽኔን አፈሩ ላይ ሳወዛውዝ ዋልኩ... ያገኘሁት የዛገ ምስማር፣ የልጓም ቁራጭ፣ አንድ የነሐስ የልብስ ቁልፍ።

እንደ ደንቡ ማታ ወጥ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩ። ከሚገኘው ግማሹ የባለመሬቷ ነው።

"እስቲ፣ ባለጠጋው፣ ምን አመጣህልኝ?"

"የጄኔራል ቁልፍ። ከነፈረሱ እዚህ ወድቆ መሆን አለበት።"

"የአባቴ ካፖርት ቁልፍ ነው፣ አንተ ቀጣፊ!"

ሳቀች። ስትስቅ... ተወው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በየመከሩ እዚህ ደጃፍ ቆሜ አስቃታለሁ። ከዚያ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። በዝናብ ማሽን አይወጣም። እኔ ግን ወጣሁ። "አካፋዬን ረስቼ ነው" አልኳት። አካፋው እጄ ላይ ነበር።

ሻይ ሰጠችኝ። ልጇ ከኒውዚላንድ ደውላ "እማ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እኛ ጋ" ብላታለች።

"ታዲያ ትሄጃለሽ?"

"ባዶ እጄን ሄጄ የአማቼን እጅ ልይ? ምነው ሬጂ! የራሴ ገንዘብ ቢኖረኝማ ነገውኑ ነበር።"

ነገውኑ አለች... እንዲህ እንደደኸየች ትኑርልኝ ብዬ አሰብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሴፕቴምበር 15፣ ማክሰኞ

ማሽኗ ዘፈነች። እንደ ብረት አልተንጫጫችም፤ ጥርት ያለ ድምፅ። ቆፈርኩ። ወርቅ! አንድ ሳንቲም፣ ሥሩ ሌላ፣ ከዚያ በታች የማሰሮ አፍ... ታጭቆ።

እጄን ሰበሰብኩ። ሕጉን የማያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለ ሲገኝ መቆፈር ታቆማለህ፣ ለባለመሬቷና ለቅርስ ሰዎች ትናገራለህ። ዋጋው ለሁለታችን ይከፈላል። ከዚያ ማቪስ የራሷ ገንዘብ ይኖራታል። ከዚያስ...

አፈሩን መልሼ አለበስኩት።

ማታ ደጃፏ ላይ የጠርሙስ ክዳን አስቀመጥኩ።

"ይኸው ነው? የየትኛው ንጉሥ ዘውድ እንደሆነ አትነግረኝም?"

"ክዳን ነው፣ ማቪስ።"

ግንባሬን ዳሰሰች። "ትኩሳትስ የለህም።"

እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ በዝገት ስፎክር ኖሬ፣ ወርቅ ሳገኝ አፌ ተለጎመ።

ሴፕቴምበር 17

ዛሬም አልነገርኳት።

ሴፕቴምበር 18

ነገርኳት። ትራክተሩ ሰኞ ሊገባ ነው፤ ማረሻው ማሰሮውን ይፈጨዋል። ለማሰሮው አዝኜ ነው? ወይስ እሷን ማታለሉ ነው ያቃተኝ?

ክንዴን ይዛ ማሳውን ተሻገረች። ተንበረከከች። ወርቁን ስታይ አልጮኸችም።

"መቼ አገኘኸው?"

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። አንተ? ሬጂ ተርከትል? እስካሁን ዝም?" ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ትክ ብላ አየችኝ። "ለምን?"

አሁን ንገራት! አልኩ በልቤ። አሁን!

"ምላሴ አብጦ ነበር" አልኳት።

ጭቃውን ከጉልበቷ አራገፈች። "እንኳን ዳነልህ" አለች። ስንመለስ ክንዴን አልያዘችም።

ኦክቶበር 6

የቅርስ ሰዎች መጥተው ማሰሮውን አወጡ። ስሜ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ራሴ አነበብኩት! ሁለት ጊዜ። ማንም አላገዘኝም።

ዋጋው ተገምቶ እስኪከፈል ዓመት ይፈጃል ተባለ። ዓመት! ከእንግዲህ የመንግሥትን ቀርፋፋነት የሚያማ ከኔ ጋር ይጣላል።

ዓመቱ ሳያልቅ እነግራታለሁ።

ማርች 20

ልነግራት ሄድኩ። ስለ በጎቿ ቀልድ ነግሬያት ተመለስኩ።

ኖቬምበር 4

ገንዘቡ መጣ። ማሳውን ለጎረቤት አከራየች። ዛሬ ሄደች።

ሻንጣዋን እስከ ታክሲው ተሸከምኩላት። "ምን አጭቀሽበት ነው? የቤቱን ምሰሶ ነቀልሽው እንዴ?" አልኳት። አልሳቀችም።

"ሬጂ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር አታወራም?"

"አትሂጂ።"

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ሹፌሩ እንኳ ዞሮ አየኝ። ማቪስ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

"ዓመት ሙሉ ጠበቅኩህ እኮ" አለች። ቀስ ብላ። "አሁንማ ልጄ ክፍሌን ቀለም ቀብታ እየጠበቀችኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እስቲ ድገመው።"

"አትሂጂ፣ ማቪስ።"

ጉንጬን ሳመችኝ። ገባች። ፊቷን ወደ ማሳው አዙራ ነበር... ቡቃያው ወጥቷል።

ሦስተኛውን "አትሂጂ" ያልኩት ታክሲው ከታጠፈ በኋላ ነው።