የመሬት ዴስኩ ባና

መጋቢት 8 ቀን 2001፣ ማክሰኞ

በወረዳችን ጽሕፈት ቤት፣ በመሬት ክፍልና እኔ በምሠራበት በማስታወቂያ ክፍል መካከል የነበረው ግድግዳ ዛሬ ፈረሰ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎቹን አስተካከልን። የእኔ መስኮቱ ሥር ሆነ።

ባለጉዳይ ከክፍል ክፍል አይንከራተት ተብሎ ነው። ኃላፊያችን አቶ ትዕዛዙ የአዳራሹን አቀማመጥ እንዳወጣ ለእኔ የሰጠው አዲስ አበባ ስለኖርኩ ይሆናል እንጂ ስለ ቤት ምን አውቃለሁ? የማውቀው ጋዜጣ ነው።

አቧራው ሲረጋ የድሮው የጋዜጣችን ዝግጅት ክፍል ትዝ አለኝ። አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ የጽሕፈት መኪናው ጩኸት... አንዱ በስልክ ዜና ሲቀበል ሌላው ከማዶ ርእስ ያወጣለታል። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ገበያ። አዳራሹ ሞላ። ሥራው ፈጥኗል፣ አይካድም። የመሬት ባለሙያዋ ጌታነሽ ግን፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ አራት ጠረጴዛ "ይማርህ" ይላል ብላ አሳቀችን።

ከጓሳ በኩል የመጡ እናት ተራቸው ደረሰ። እማማ ደብሪቱ ይባላሉ። ጌታነሽ ጉዳያቸውን ስትጠይቃቸው ዞረው አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን አዩ። ዳገቱ አድክሟቸው ሊያርፉ እንደገቡ ተናግረው ወጡ።

ያን ሁሉ መንገድ... ለማረፍ?

መጋቢት 17

እማማ ደብሪቱ ዛሬም መጡ። ዛሬም ለማረፍ ነው አሉ። ተከትያቸው ወጣሁ። መጀመሪያ ዘር ቆጠርን፤ በእናቴ በኩል እንገናኛለን። ከዚያ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ልጃቸው ምንተስኖት የገብስ ማሳቸውን የራሱ አድርጎ አጥሮታል። የቀበሌያቸው የይዞታ ደብተር ከፋሲካ በኋላ ይሰጣል። እስከዚያ ካላመለከቱ ማሳው በእሱ ስም ይወጣል።

"ታዲያ ለጌታነሽ ለምን አልነገሯትም?"

"የክርስትና አባቱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ? ልጄን በሰው ፊት ከማዋርድስ መሬቱ ይቅር።"

በድሮው የመሬት ክፍል ቢሆን ኖሮስ አልኳቸው። በሩን እዘጋው ነበር አሉ።

መጋቢት 18

ስም ሳልጠራ ለትዕዛዙ ነገርኩት። የፈረሰ ግድግዳ አይመለስም አለ። "መመሪያው ግልጽነት ነው የሚለው፣ ጋሼ። ከዞን መጥተው ቢያዩ ምን ልበል?" እሱም እውነቱን ነው። በተዘጋው በር ኋላ ምንም አልተሠራም ብዬ አልምልም።

በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል መስማት ሥራችን ነበር። እኔ ያንን አዳራሽ ነው እዚህ ያመጣሁት። እዚህ ሰው የሚመጣው ችግሩን ሊናገር ነው እንጂ ማን ለመስማት ይመጣል?

መጋቢት 23

ጠዋት አልጋዬን ሳነጥፍ እጄ ባናው ላይ ቆመ። ሟች ባለቤቴ በለጠች የፈተለችው የጥቁር በግ ሱፍ ብርድ ልብስ ነው። አዲስ አበባ ሳለን በማታ ተረኝነት ይዤው እሄድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብዬ ስከናነበው አጠገቤ የሚመታው የጽሕፈት መኪና ማዶ ሰፈር ያለ ይመስለኝ ነበር...

አጥፌ ቢሮ ወሰድኩት። በጥጉ በኩል፣ ከምሰሶ ምሰሶ ገመድ ወጥረን ሰቀልነው። የጌታነሽን ጠረጴዛ ከኋላው አስገባን።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ጋሼ?"

"ግድግዳ አይደለም።"

ትዕዛዙ ሳቀ። ከዞን እስኪመጡ ይቆይ አለ።

ሚያዝያ 1

እማማ ደብሪቱ መጡ። ልኬባቸው ነበር። ባናውን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት።

"ማን ፈተለችው?"

"ሟች ባለቤቴ።"

"ነፍስ ይማር። አጥብቃ ነው የፈተለች።"

ገቡ። ከሁሉም ቅርብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። አንድም ቃል አልሰማሁም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ባለመስማቴ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚያዝያ 11

ትንሣኤ። ከእህቴ ቤት ፈሰክን። ማመልከቻው በጊዜው ገብቷል።

ሚያዝያ 15

የዞን ሰዎች ትናንት መጥተው ነበር። ባናው ከክፍት አሠራር ጋር አይሄድም፣ ይነሣ አሉ።

ዛሬ እናትና ልጅ ቀረቡ። ተለያይተው ገቡ፣ ከባናው ኋላ ብዙ ቆዩ። አንድ ጊዜ የምንተስኖት ሳል ተሰማ እንጂ ሌላ የለም። ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀስ ብሎ አግዳሚውን አየ። የክርስትና አባቱ ስለ በግ ዋጋ ያወራል። ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ልጁ ተመልሶ የእናቱን ዱላ ከግድግዳው አንሥቶ አቀበላቸው።

ጌታነሽ ማሳው ይለካል አለች። ትዕዛዙ ገመዱን ሊፈታ ተነሥቶ ነበር፣ ይህን ሲሰማ ተመልሶ ተቀመጠ። የእነዚህ ጉዳይ ሳያልቅ ባናው አይነሣም አለ። ለዞን ሰዎችም ራሱ መልስ ሊሰጥ ነው።

ብርዱ አልለቀቀም። ሁለት ጋቢ ደርቤ እተኛለሁ።

የማሳው ውሳኔ ሚያዝያ 29 ነው።