ለሴልዊን የሰጠሁት ቃል

ማርች 14 ቀን፣ ሐሙስ፣ የዕዳው ሕግ በምክር ቤታችን ሰባት ለስድስት አለፈ።

እህቴ ኦቴሊያ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይ? ዊልፍሬድንስ ሳሉ ለቀቀው? የቶሮንቶው በረዶ ሲቀልጥ ሕመማችሁንም ይዞት ይሂድ። እኛ አለን። እማማም አለች፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኩላሊቷን ትታጠባለች፣ በቀሩት ቀናት ትሳደባለች።

በስልክ «ደግፈህ ነው ወይስ ተቃውመህ?» ስትዪኝ መስመሩ በራሱ አልተቋረጠም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁብሽ። መልሱ ይኸውልሽ፤ አልደገፍኩም፣ አልተቃወምኩምም። ከአዳራሹ ወጣሁ።

አበዳሪዎቹ መንግሥት ወጪውን ከቀነሰ የዕዳችንን ሲሶ ሊተዉልን ተስማምተው ነበር። መጀመሪያ ሊቀነስ የታሰበው የዓሣ አጥማጆች የነዳጅ ድጎማ ነው። የደቡቡ ተመራጭ «ድጎማውን ከነካችሁ ድምፄን እርሱት» አለ። ድምፅ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ድጎማው ከዝርዝሩ ወጣና በቦታው የኛ የአንስ ኮራይ ክሊኒክ ገባ፤ የኩላሊት ማጠቢያ ማሽኖቹም አብረው። ይህን መግባባት ብለው አጨበጨቡለት።

እነሱ ስምንት፣ እኛ ተቃዋሚዎቹ ሰባት ነን። ሴልዊን ፕሩዶም ከእነሱ ወገን ነው። ጃንዋሪ ላይ የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ሲል ደውሎ፣ «አልባን፣ እስክነሳ ድረስ ትወጣልኛለህ?» አለኝ። እሺ አልኩት። የምክር ቤታችን ልማድ ነው፤ ከአንዱ ወገን ሰው ሲታመም ከሌላው ወገን አንዱ ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ይወጣለታል። አይጻፍም፣ አይፈረምም፤ ቃል ብቻ ነው። ያን ዕለት ብቀመጥ ሰባት ለሰባት ይሆን ነበር፤ እኩል ለእኩል ከሆነ ደግሞ ሕጉ ይወድቃል።

ለሰው ሁሉ ቃሌን ጠበቅኩ እላለሁ። አንቺን ግን አልዋሽሽም። ሕጉ ቢወድቅ የኤፕሪል ደመወዝ አይኖርም ነበር፤ የአስተማሪውም፣ የነርሷም፣ የኔም። ሴልዊን ባይደውልልኝም ኖሮ የምወጣበት ሌላ ሰበብ የምፈልግ ይመስለኛል።

ለእማማ ስነግራት፣ «ሴልዊን ዳነ?» አለችኝ። እየዳነ ነው አልኳት። «እሰይ። እኔን ግን ለእጥበት ወደ ዋና ከተማው ስሄድ ተራራው ላይ አውቶቡስ ያስመልሰኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሰፈራችን ማ ዩፌሚ ደግሞ፣ ባሏ ጋርኔት ከእማማ ጎን የሚታጠበው፣ ገበያ መሃል አስቁማኝ፣ «ክቡርነትዎ፣ እግርዎ ሲወጣ እንዴት ፈጣን ነው! እስቲ ለጋርኔት ያውሱትና ሆስፒታል ደርሶ ይመለስ» አለችኝ። ገበያው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ክሊኒኩ እሑድ ይዘጋል። ይህን የምጽፍልሽ እማማን ላስመዘግብ ዋና ከተማው ሆስፒታል መጥቼ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከኛ ሰፈር አሥራ አንድ ታጣቢዎች አሉ፤ እዚህ የተገኘው ቦታ ለአራት ሰው ነው። በወረፋው ጋርኔት አራተኛ፣ እማማ አምስተኛ ናት። መዝጋቢዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክቡርነትዎ፣ እናትዎን አንድ ከፍ ላድርጋቸው?» አለችኝ። አድርጊ አልኳት። ካርዱን እየጻፈች ነው፤ ካርዱን ያልወሰደ ሰው ቦታው ለተከታዩ ያልፋል።

ዊልፍሬድን ሳሚልኝ። ኔሪስን ለፈተናዋ አይዞሽ በያት። አማትሽንም በጤና ያቆያቸው። እማማ የላክሽላት ሹራብ ጠቧታል፤ ግን አታወልቀውም።

ማ ዩፌሚ ጋርኔትን ደግፋ አሁን ገባች። ሌላ መቀመጫ ስለሌለ እኔው አጠገብ ተቀመጡ። በጨው የደረቀ ዓሣ የገባበትን ዳቦዋን ገምሳ፣ «ብላ እንጂ አልባን፤ ስድቡ እኮ ለገበያ ነው» አለችኝ። ጋርኔት ስንተኛ ነኝ ብሎ እየጠየቀኝ ነው። መዝጋቢዋ በመስኮቱ ስሜን ትጠራለች። ዳቦውን እንደያዝኩ በጎን በር ወጥቻለሁ፤ ካርዱን አልተቀበልኩም።

ወንድምሽ አልባን
ፖርት ማርሴል፣ ማርች 26 ቀን