ባልዲው በሳሙና አልታጠበም

ለተከበሩ የከተማችን የውሃ አገልግሎት ኃላፊ፣
ካሉበት

ጉዳዩ፦ አማቴን ይቅርታ እንዲጠይቁልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎም፣ የቤተሰብዎም፣ የምክትሎችዎም ጤና እንደ ቧንቧችን ሳይቆራረጥ እንዲዘልቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሱቄ ውስጥ፣ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መስታወት አጠገብ፣ የመስታወት ገንዳና በውስጡ ወርቃማ ዓሦች ነበሩኝ። ከሁሉም የሚተልቀውን፣ ቀኑን ሙሉ አፉን እየከፈተ አንዳች ስለማይናገር፣ አማቴ "ኃላፊው" ይሉት ነበር፤ ማንንም ለመንካት አስበው አይደለም።

"ነበሩኝ" ያልኩበትን ምክንያት በትሕትና ላስረዳ።

፩ኛ. ለዓመታት የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድተን፣ ክዳኑን ከፍተን አሳድረን፣ ክሎሪኑ በኖ ሲወጣለት ወደ ገንዳው እንጨምር ነበር። ይህን ሥራ የያዙት አብረውን የሚኖሩት አማቴ ናቸው። መሥሪያ ቤትዎ ግን ክሎሪኑን ለብቻው መጨመር ትቶ፣ ከአሞኒያ ጋር የተዋሐደና ቢያድርም ቢሰነብትም የማይበንን ክሎራሚን የሚባል ነገር መጨመር ጀመረ። ለጤናችን ስለ ተጨነቃችሁ አመሰግናለሁ። ዓሦቹን ግን ጠዋት ስንነሳ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኘናቸው።

፪ኛ. ማስታወቂያ አላወጣችሁም ብዬ አልዋሽም፤ አውጥታችኋል። የለጠፋችሁት ግን በአዳራሻችሁ በር የውስጥ ገጽ ላይ ነው። በሥራ ሰዓት በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት ማስታወቂያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ እኛ ውጭ ነን። እኔ ለማንበብ የበቃሁት ዓሦቹ ከሞቱ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ወረፋ ላይ ሳለሁ ነፋስ በሩን ድርግም አድርጎ ስለ ዘጋው ነው። ከሠራተኞችዎ ሁሉ ለሕዝብ መረጃ በመስጠት የተጋው ነፋሱ ስለሆነ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

፫ኛ. በመስኮቱ የተቀመጡት ባለሙያ ዓሣ በደንበኝነት እንዳልተመዘገበ አስረድተውኛል። ክሎራሚንን የሚያከሽፍ ጠብታ መኖሩን የነገረኝ ዓሣ ሻጩ ነው፤ ያውም ዓሦቹን ከቀበርን በኋላ።

፬ኛ. ይህኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ዓሦቹ በሞቱ ጠዋት፣ ደንበኞች ቆመው እየሰሙ፣ አማቴን ባልዲውን በሳሙና አጥበው ዓሦቹን ፈጁብኝ ብዬ ጮህኩባቸው። በውሃ ብቻ እንዳለቀለቁት ማሉልኝ። አላመንኳቸውም፤ ባልዲውን ከእጃቸው ነጠቅኩ። ከዚያ ወዲህ እኚህ የባለቤቴ እናት፣ ልጆቼን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ሴት፣ ብርጭቆ ሲያነሱ እንኳ "ይኼን ብነካው ቅር ይላችኋል?" ይላሉ። አፍሬአለሁ፤ ገበታ ላይ ቀና ብዬ አላያቸውም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ባልዲው በሳሙና አለመታጠቡን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለአማቴ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ። እኔ ልናገር ስነሳ ምላሴ ይተሳሰራል። እናንተ ግን ውሃ በጠፋ ቁጥር "ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን" ስትሉ ስለ ኖራችሁ፣ በይቅርታ ረገድ የተሻለ ልምድ አላችሁ።

ቧንቧዎ አይንጠፍ፣ ወንበርዎም አይነቃነቅ እያልኩ፣ ዓሣ ከሌለበት ገንዳ አጠገብ ተቀምጬ እጅ የምነሳ፣

አክባሪዎ
ልብስ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እንደምንም ደፍሬ ለአማቴ አነበብኩላቸው። ማኅተምዎን መጠበቅ አያስፈልግም ብለዋል። "ዓሦቹን የገደለው የእነሱ ውሃ ነው፤ እኔን በሰው ፊት ያዋረደኝ ግን ውሃው አይደለም" አሉኝ። እኔስ ጠያቂ አለኝ። እርስዎን የሚጠይቅ አማት አለዎት?