ከ«አንተም» ሰፈር ኮረብታ ስላልወረደው ማኅተም

ለክቡር አቶ ሕዝቅኤል ተክለማርያም፣
የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር
«አንተም» ሰፈር፣ ሄንደርሰን ከተማ፣ ከላስ ቬጋስ በላይ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ በዚህ በረሃ እንደ ግቢዎ ሣር ለምልሞ ይቆይልን። ከባድ ዜና ስለማረዳዎ እባክዎ ይቀመጡ፦ የማኅበራችን ክብ ማኅተም ታግቷል። አጋቹም እርስዎ ነዎት።

ለማያውቅ ላስረዳ። በወረርሽኙ ከሆቴልና ከካዚኖ የተቀነሱ ሠራተኞች፣ መሥሪያ ቤታቸው ሲከፈት ቀድመው እንዲጠሩ ሕግ ይውጣልን የሚል የጋራ ደብዳቤ ተዘጋጅቷል። ፊሊፒኖዎቹ ፈርመዋል፣ ሜክሲኮዎቹ ፈርመዋል፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋቾችም ፈርመዋል። የቀረነው እኛ ነን፤ ደብዳቤው ዓርብ ለሕግ አውጪዎቹ ይላካል። እናቴ ወይዘሮ ላቀች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጋ ያነጠፈችበት ሆቴል ተከፍቶ አዳዲስ ልጆች እየቀጠረ ነው፤ እሷ ዓመት ሙሉ ስልኳን ታቅፋ ትተኛለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ የተሟጋቾቹ ዓርማ ቀስተ ደመና ካለበት ወረቀት ላይ ማኅተማችን አያርፍም ብለው ባህላችንን ስለጠበቁልን እናመሰግናለን። ቀስተ ደመና እኮ የኖኅ ቃል ኪዳን ነው ብዬ ልከራከር ነበር፤ ግን እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በመስኮት ስለሆነ ለሊቃውንቱ ተውኩት።

፪ኛ፦ አምና የሥራ አጥ ድጎማ ፎርም አልሞላ ብሎን የማኅበሩ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ሲደክመው፣ ከእነዚሁ ተሟጋቾች አንዱ ሮቤርቶ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ፓርኪንግ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሠላሳ ሁለት እናቶችን ፎርም ሞላ፤ የእህትዎን የወይዘሮ ገንዘቤንም ጭምር። ያን ጊዜ ምንም ስላልረከሰ እግዚአብሔር ይመስገን።

፫ኛ፦ በዙሙ ስብሰባ እናቴ ተነሥታ፣ «ሮቤርቶ ልጅሽን ዳሪልኝ አላለኝም፤ ወደ ሥራሽ ልመልስሽ ነው ያለኝ» ብላ ሳትጨርስ ሚዩት ስላደረጓት እናመሰግናለን። ድምፅዋ ባይሰማም ከንፈሯ መናገሩን ሲቀጥል ሁላችንም አይተናል።

ከሁሉ የሚገርመው፣ ይህ አገር ማኅተም አይጠይቅም፤ ፊርማ ይበቃዋል። ጸሐፊያችን ወይዘሮ ጽጌወይን ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት የማኅበር ወረቀት አይደለም ብለው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁላችንም በእርስዎ መኪና ውስጥ ያለች አንዲት የማኅተም ጎማ እየጠበቅን ነው።

፬ኛ የለም። ቀልዱ አለቀብኝ። ትናንት እናቴ ማንም ሳይጠራት ዩኒፎርሟን ስትተኩስ አገኘኋት። እባክዎ ጋሼ።

ለእጅዎ ብርታት፣ ለማኅተሙም የቁልቁለት መንገድ የሚመኝልዎ፣ የግቢዎን በር ከውጭ ብቻ የሚያውቅ ታናሽዎ፣
ሶፎንያስ፣ የላቀች ልጅ
ሚያዝያ ፳፻፲፫

የተረሳ ነገር፦ ድንች ገዝቻለሁ፤ ክብ ነው፣ ቢላዋውም ስለታም ነው። እስከ ሐሙስ ካልመጡ ማኅተሙን ራሴ እቀርጸዋለሁ። ለእናቴ ለወጥ ነው ብያታለሁ። ለነገሩ አካበድኩት መሰለኝ፤ ሲመዘን የግማሽ ድንች ጉዳይ ነው።