ብርድ የሚቋቋመውን ሩዝ ያስገኙት ዋና ተመራማሪ ማረፋቸውን ስለማሳወቅ

የሩዝ ምርምር ማዕከላችን የእጽዋት ዘረመል ክፍል ዋና ተመራማሪና ሁላችንም «እትዬ ካፖርት» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማዕከሉ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለሠራተኞቹ፣ ለዘር አባዢ ገበሬዎችና ለሕዝብ ይገልጻል።

ቅጽል ስሙ የወጣላቸው በሙቀቱ ወራት ሳይቀር ካፖርት ደርበው ስለሚውሉ ነው። የሥራ ቦታቸው ችግኝ በአሥራ ሁለት ዲግሪ የሚፈተንበት ማቀዝቀዣ ክፍል ነበር።

በረዳት ቴክኒሻንነት ከተቀጠሩ በአምስተኛው ዓመት፣ ሩዙ ሊያብብ ሲል የወረደ ብርድ የሙከራ ማሳውን ገለባ አድርጎ አስቀረው። ማሳው እንዲገለበጥ ሲታዘዝ፣ እርሳቸው ዛላውን አንድ በአንድ እየዳሰሱ ፍሬ የቋጠሩ አሥራ አንድ ተክሎች ለዩ። እስከ ሦስተኛ ዲግሪ የተማሩትም በእነዚሁ ተክሎች ላይ ባደረጉት ጥናት ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ ሩዝ ብርድ እንዲችል የሚያደርገውን ዘረመል ማግኘታቸውን ማዕከሉ በይፋ አበሰረ።

በዓመቱ የዘር ከረጢቶቹን ሲፈትሹ፣ የሁለት ዝርያዎች መለያ ወረቀት በራሳቸው እጅ ተቀያይሮ እንደነበር ደረሱበት። በግኝቱ መሠረት የተባዛው ዘር ለገበሬ ሊከፋፈል የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነበር። የወቅቱ አመራር ነገሩ ታፍኖ እንዲቀር ጠየቃቸው። እርሳቸው ግን ከስብሰባው መሐል ተነሥተው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያፈሰስኩት እኔ፣ የምለቅመውም እኔ። ገበሬው ግን ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ገለባ አያጭድም!» ብለው ውጤቱን በፊርማቸው ሻሩ። በዚህም አመራሩ በወቅቱ ይዘውት ከነበረው የክፍል ኃላፊነት አነሣቸው። እርሳቸውን የማንሣቱ ውሳኔ ስሕተት እንደነበር ማዕከሉ ዛሬ ያምናል፤ በሕይወት ሳሉ ልንነግራቸው ይገባ ነበር።

በቀጣዮቹ ስድስት ዓመታት ሥራውን ከሀ ጀምረው፣ ብርድ መቻል የአንድ ሳይሆን የሦስት ዘረመሎች ቅንጅት መሆኑን አረጋገጡ። ከዚህ የተገኘው ዝርያ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት መቶ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተዘርቷል። በአበባው ሰሞን ብርዱ መውረዱን ሆስፒታል ተኝተው ሲሰሙ፣ «ዛላው ሞላ ወይ? ዝም ብላችሁ ደስ አታሰኙኝ፣ ቆጥራችሁ ንገሩኝ» ሲሉ ላኩብን። ቆጠራው የደረሰን ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ከአሥር ፍሬ ስምንቱ ሞልቷል።

ለጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ለባለቤታቸው፣ ለማቀዝቀዣ ክፍሉ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ያንን ቁጥር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሁለት ጊዜ ላነበበችላቸው ልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን።